«ተነቦልኝ ሰምቻለሁ»
(ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ክፍፍል በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዳኛው ባለፈው ወር ደውለው «ስለ ውርስ ጉዳይ እስቲ ትንሽ ንገረን፤ ልጆች እየተጣሉብን ተቸግረናል» ሲሉኝ ሳላቅማማ እሺ ያልኩት ሙያዬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እኛ እድርተኞች ሞትን የምናውቀው እስከ ሦስተኛው ቀን ነው። ጡሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል። ቀብር ደርሰን እንመለሳለን፣ ከሐዘንተኛው ጋር እንቀመጣለን፣ ከዚያ ድንኳኑን ነቅለን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የማየው እኔ ነኝ፤ ጠበቃ ነኝና። በእኛ ድንኳን ውስጥ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ወንድምና እህት፣ ዓመት ሳይሞላቸው ችሎት በር ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ተራ ሲጠብቁ አገኛቸዋለሁ።

«ስግብግብ ስለሆኑ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ እንደዚያ ብዬ ለመፍረድ ይከብደኛል። ባየኋቸው መዝገቦች ውስጥ ልጆቹን ያጋጨው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ነው። ወይ ጭራሽ አልተጻፈም፣ ወይ ተጽፎ አንድ ነገር ጎድሎታል። ዛሬ በዋናነት የምነግራችሁ ስለዚያች ስለምትጎድለው ነገር ነው።

አማርኛችን «ተናዘዘ» ሲል ሁለት ነገር ይናገራል። ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ የነገረ ተናዘዘ ይባላል፤ ንብረቱን ለልጆቹ ያደላደለም ተናዘዘ ይባላል። ድሮ ሁለቱ ባንድ አልጋ ዙሪያ ይፈጸሙ ስለነበር ይመስለኛል። ሰውየው ሲጠናበት የነፍስ አባቱ ይጠራሉ፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል። እሱም ያለበትን ዕዳ፣ የተቀበለውን አደራ፣ ለማን ምን እንደሚተው ይናገራል። የተሰበሰበው ሰው ሥራ መስማት ነበር። ሰሚ ከሌለ ኑዛዜ የለም።

ከዚያ ልማድ ሰሚው ቀርቶ ፍርሃቱ ብቻ ነው ወደ እኛ የደረሰው። ጤነኛ ሰው «እስቲ ልናዘዝ» ካለ «አታሟርት» ይባላል። ልጅ አባቱን ከጠየቀ «ልትቀብረኝ ቸኮልክ ወይ?» ይባላል። ስለዚህ ነገሩ እስከ መጨረሻው አልጋ ይቆያል፤ በመጨረሻው አልጋ ላይ ደግሞ ምስክር የሚሆን ሰው አይገኝም፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጸሐፊ ይቸኩላል።

አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። የባለቤቶቹን ማንነት የሚያሳውቀውን ነገር ለውጬዋለሁ፤ ወረቀቱ ግን እንዳለ ነው።

አራት ልጆችን ብቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ትልቋ ልጅ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዓረብ አገር ሄደች። ሰው ቤት እየሠራች ዓመት ጠብቃ፣ አንዳንዴም በየወሩ ገንዘብ ትልካለች። በዚያ ገንዘብ የጭቃው ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠራ፣ ከጀርባው ሁለት ክፍል ሰርቪስ ወጣ። ካርታው በእናትየው ስም ነው። እናትየው የተደረገላቸውን አልረሱም። ጎረቤት ያሉ አስተማሪ አስጠርተው ከባለመስመር ደብተር በተቀደደ አንድ ሉክ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ አጻፉ። «ይህ ቤት በልጄ ላብ የተሠራ ነው፤ ከእኔ በኋላ ለእሷ ይሁን። ሌሎቹ ልጆቼ እንዳይከፋቸው ሰርቪሱን ይካፈሉ» ይላል። ቀኑ ተጽፏል። አራት ጎረቤቶች ፈርመዋል። እናትየው ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አሻራ አድርገዋል፤ ቀለሙ ትንሽ ተዘርግቶ ከመጨረሻው መስመር ጋር ተነካክቷል። ወረቀቱ ለአራት ተጣጥፎ በፌስታል ተጠቅልሎ ዳዊት ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ዘንድ ሲመጣ መታጠፊያው ላይ እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ተከፈተ። መጀመሪያ ሁሉም «እናታችን ያለችው ይሁን» አሉ። ከወራት በኋላ አንደኛው ወንድም ተቃውሞ አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን መረመረ። ቀን አለው፣ ፊርማና አሻራ አለው፣ አራት ምስክር አለው። ኑዛዜው በእናትየውና በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበቡን የሚገልጽ መስመር ግን የለውም። ምስክሮቹ ሦስቱ በሕይወት ነበሩ። መጥተው «አስተማሪው አንብበውልናል፣ ሁላችንም ሰምተናል» አሉ። እውነታቸውን እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ሕጉ የሚፈልገው መነበቡን ብቻ ሳይሆን፣ መነበቡ በራሱ በኑዛዜው ላይ እንዲጻፍ ነው። ኑዛዜው ፈረሰ። ኑዛዜ ሲፈርስ ሰውየው ሳይናዘዝ እንደሞተ ስለሚቆጠር ቤቱ ለአራቱ ልጆች እኩል ሆነ። ለአራት የሚከፈል ቤት አይደለም፤ አንዱ የሌሎቹን ድርሻ ገዝቶ እንዳያስቀር ገንዘብ የለም። በሐራጅ ተሸጠ። ልጅቷ የላከችውን ገንዘብ ለመጠየቅ ብታስብም፣ ለእናት የተላከ ገንዘብ ብድር ነበር ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው፤ እሷም «እናቴን ባለዕዳ አላደርግም» አለች።

ወንድምየውን አልኮንነውም፤ ሕጉ የሰጠውን መብት ነው የጠየቀው። ኑዛዜው ቢጸናም ኖሮ «ድርሻዬ ከሚገባኝ እጅግ አንሷል» የሚል ልጅ የሚከራከርበት በር ሕጉ ውስጥ አለ። የእኔ ቁጭት ሌላ ነው። እናትየው የሚገባውን ሁሉ አድርገዋል፤ የቀረው አንድ መስመር ነው፤ ያንን መስመር የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የታወጀ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ። አሁን የነገርኳችሁ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀመውም እሱን ነው። አንቀጽ 881 እንዲህ ያለውን ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊያስጽፈው እንደሚችል ይፈቅዳል። ከዚያ ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ ይህ መፈጸሙና ቀኑም ካልተጻፈበት ዋጋ የለውም ይላል። ተናዛዡና ምስክሮቹም እዚያው ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም አሻራ ያደርጋሉ። «እኔ ነገ መጥቼ እፈርማለሁ» የሚል ምስክር ኑዛዜውን አደጋ ላይ ይጥለዋል።

ሰው ይህን ሲሰማ «ሕግ ለምን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ሰውን ይጥላል?» ይላል። እኔ ጥቃቅን ነገር ሆኖ አይታየኝም። እናትየው ፊደል አያውቁም። እሳቸው የተናገሩትና አስተማሪው የጻፈው አንድ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ጮክ ተብሎ ሲነበብላቸው በጆሯቸው ሰምተው ነው። ፊደል የሚያውቅም ቢሆን በሕመም ላይ ሆኖ ዓይኑ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ያ የድሮው አልጋ ዙሪያ የነበረው ጆሮ በሕጉ ውስጥ አራት ምስክር ሆኖ ገብቷል ብዬ ነው የማምነው።

እስክርቢቶ የያዛችሁ ይህችን ጻፉልኝ፦ «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ሁላችንም ሰምተን፣ የተናዛዡ ፈቃድ መሆኑን አረጋግጠን፣ ዛሬ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ላይ፣ እዚሁ በአንድነት ፈርመናል።» ቀኑን በትክክል ሙሉት። ምስክሮቹ አካለ መጠን የደረሱ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁ ይሁኑ፤ በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አታድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በተለምዶ ውልና ማስረጃ ወደምንለው መሥሪያ ቤት መሄድ ነው። የማረጋገጥ ሥልጣን ያለው ሹም ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ አንዱ ምስክር ከሆነ፣ ሁለት ምስክር ብቻ ይበቃል። ሰነዱም እዚያ ይቀመጣል፤ የሚያረጅ የለም፣ የሚጠፋ የለም።

ብዙ ሰው ከመናዘዝ የሚሸሸው «ቤቴን አሁን ከእጄ አስወጣለሁ» ብሎ በመፍራት ነው። አይወጣም። ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው። እስከዚያ ቤቱ የእናንተ ነው፤ ትሸጡታላችሁ፣ ታከራዩታላችሁ፣ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁም ኑዛዜውን ቀዳችሁ ሌላ ትጽፋላችሁ። ከኑዛዜ ይልቅ በቁም ስጦታ ሰጥተው በስተርጅና የሚቸገሩ ወላጆች አይቻለሁ፤ ያ ነው ሊያስፈራን የሚገባው።

አሁን ወደ ሌላ የሚያስለቅስ ነገር ልምጣ። ባልና ሚስት ናችሁ እንበል፤ ከተጋባችሁ በኋላ ቤት ሠርታችኋል። ባል ሞተ። ሚስት ትወርሳለች?

«አዎ» ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። ኑዛዜ ከሌለ አትወርስም። በሕጋችን ባል ወይም ሚስት ከሕጋዊ ወራሾች ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሚስት የምታገኘው የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው፤ ያም ውርስ አይደለም፣ ድሮም የራሷ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው፤ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም። ስለዚህ ባል «ቤቴን ለልጄ» ብሎ ሲናዘዝ መናዘዝ የሚችለው በግማሹ ላይ ብቻ ነው። የሚስቱን ግማሽ ማንም አይናዘዝበትም። በሌላ በኩል የእሱ ግማሽ ለልጆቹ ሲተላለፍ፣ ልጆቹ «ድርሻችን በገንዘብ ይሰጠን፣ ቤቱ ይሸጥ» ሊሉ ይችላሉ። አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት ጓዳ ገማች ሜትር ይዞ ሲገባ ያየች ሴት አውቃለሁ። የገዛ ልጆቿ አይደሉም፤ የባሏ ከሌላ የተወለዱ ናቸው፤ እነሱም መብታቸው ነው። ባልየው አንድ ገጽ ጽፎ ከራሱ ግማሽ አንዳች ነገር ቢተውላት ኖሮ፣ ወይም ቢያንስ በሕይወት እስካለች በቤቱ እንድትኖር ቢል ኖሮ፣ ያ ሜትር ቤቷ አይገባም ነበር። እዚህ የተቀመጣችሁ ባሎች ይህን ዛሬ ማታ ለሚስቶቻችሁ ንገሩ። ሚስቶችም እንዲሁ፤ ነገሩ ለሁለቱም ነው። ግን በአንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ አትጻፉ። ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጻፉ።

ልጆች እኩል ናቸው። ወንድ ከሴት፣ ታላቅ ከታናሽ አይበልጥም። በጋብቻ ውስጥ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ ያደገም ቢሆን በውርስ ፊት አንድ ነው። ልጅ ከአባቱ በፊት ቢሞት የእሱ ልጆች በሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅ የሌለው ሰው ቢሞት ወላጆቹ፣ እነሱም ከሌሉ ወንድምና እህቶቹ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ቀብር ላይ ማንም የማያውቀው ልጅ «አባቴ ነው» ብሎ ሲመጣ ሐዘኑ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ያ ልጅ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ እያወቀ ዝም ያለው አባት ነው። የተደበቀ ልጅ ያላችሁ አባቶች ካላችሁ፣ ለነፍስ አባታችሁ የነገራችሁትን ለልጆቻችሁም በኑዛዜ ንገሩ።

«ያስቸገረኝን ልጅ ልነቅለው እችላለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ይቻላል። ነገር ግን ምክንያቱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ ፍርድ ቤቱም ምክንያቱ ልጅን ከውርስ ለመንቀል የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። ስሙን በዝምታ ማለፍ መንቀል አይደለም። እኔ ደንበኞቼን ከዚህ እመልሳቸዋለሁ። በቁጣ የተጻፈ አንድ መስመር ለሠላሳ ዓመት በቤተሰብ ውስጥ እንደሚኖር አይቻለሁና።

በእጃችሁ ራሳችሁ የምትጽፉት ኑዛዜም አለ፤ ምስክር አያስፈልገውም። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይዞ መሆን አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ደግሞ ለማረጋገጥ ሥልጣን ላለው ሹም ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በአደራ ካልተሰጠ ዋጋ ያጣል። ሰው ዳዊት ውስጥ አድርጎ ሃያ ዓመት ያስቀምጠዋል። የቃል ኑዛዜ ደግሞ እኛ እንደምናስበው አይደለም። ሞት የቀረበ ሲመስል ለሁለት ምስክር የሚነገር ነው፤ በሱ የሚተላለፈው ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ትንንሽ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከኖረ ቃሉ ይቀራል። ስለዚህ «ሲሞት ቤቱን ለእኔ ነው ያለው፤ ሁለት ሰው ሰምቷል» የሚል ክርክር ቤት አያስገኝም።

በእድራችን ያሉ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ጠይቀውኝ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የቤተሰብና የግል ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በሕግ የታወቁ ናቸው። ሁሉም ወገን ተስማምቶ ወደዚያ ከሄደ ድርሻው በሸሪዓ ይታያል፤ ኑዛዜም ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም። ዝርዝሩን ከዑለማዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ እኔ ከማውቀው በላይ እነሱ ያውቁታል።

የምትኖሩበት የቀበሌ ቤት ከሆነ አትናዘዙበት፤ የእናንተ አይደለም። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ቤት ነው፤ ልጅ ተከራይነቱን ለመቀጠል ወረዳውን ይጠይቃል እንጂ አይወርሰውም። ጡረታና በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ካሳም ከውርስ አይቆጠርም። ዕዳ ካለ ከንብረቱ ይከፈላል፤ በተራ ግን መጀመሪያ የሚነሣው የቀብር ወጪ ነው። ሕጉ እዚህ ላይ ከእኛ ከእድርተኞች ጋር ይስማማል።

ውጭ አገር ልጆች ላሏችሁ አንድ ነገር። ልጃችሁ ከዋሽንግተንም ይሁን ከዱባይ የላከችው ገንዘብ በእናንተ ስም ቤት ከሆነ፣ ሰው ሁሉ የእሷ ቤት እንደሆነ ቢያውቅም በሕግ ፊት የእናንተ ቤት ነው። የእሷ ከሆነ በእሷ ስም ይሁን። የእናንተ ከሆነና ለእሷ ልትተዉላት ካሰባችሁ፣ ሌሎቹን ልጆች ጠርታችሁ፣ ምን እንደላከች፣ ስንት ዓመት እንደላከች ነግራችኋቸው ተናዘዙ። ለወንድሟ የሰጣችሁት ውክልና ደግሞ ለዚህ አያገለግልም፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታልና። እናቱ ከሞተች በኋላ በውክልናዋ ቤት ሸጦ ዓመታት ችሎት የተመላለሰ ልጅ አለ፤ አላወቀም ነበር።

ስለ እናቴ ነግሬያችሁ ላብቃ። እኔ ሥራዬ ይህ ሆኖ ሳለ ለእናቴ ለመናገር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስናገርም ጥሩ አልተቀበለችኝም፤ ቡናውን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሷ ደወለች። «ሰዎቹን ጥራቸው» አለችኝ። እኔ ተጠቃሚ ስለሆንኩ ከክፍሉ ወጣሁ፤ ጽሑፉንም የባልደረባዬ እጅ ነው የጻፈው። አራት ጎረቤቶች ገብተው ተቀመጡ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ባልደረባዬ ጮክ ብሎ ሲያነብ እሰማለሁ። «ከዋናው ቤት በስተግራ ያለውን ክፍል ለታናሽ ልጄ» ብሎ ሳይጨርስ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ቆይ፣ ቆይ። በስተግራ አላልኩም። በስተቀኝ ነው ያልኩት፤ ሎሚው ያለበትን። እሷ ናት የተከለችው።»

ባልደረባዬ ያንን ወረቀት ቀዶ እንደገና ጻፈው፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው። በዚህኛው ጊዜ ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ እናቴም «እንግዲህ ፈርሙልኝ» ስትል ሰማሁ።